እኔን ያመመኝ የእህቴ ጥርስ

ጥርሱ የእኔ ነበር። ያን ጊዜ ይህን ብናገር የሚያምነኝ አላገኘሁምና አሁን በእርጅናዬ በጽሑፍ አስቀምጠዋለሁ። በግራ በኩል፣ ከታች፣ ከመጨረሻው ቀጥሎ ያለው መንጋጋ የእኔ ነበር፤ ያመመውም እኔን ነበር።

እኔና እህቴ መንታ ነን። መንደራችን ከሉማሜ ወደ ማርቆስ ሲሄዱ ከመንገዱ ገባ ያለች ናት፤ እዚያ ደግሞ መንታ አንድ ነፍስ ነው ይባል ነበር። እግዚአብሔር አንዲቱን ነፍስ እፍ ሲል ሁለት ገላ ተደቅኖ ስላገኘ ለሁለቱ አካፈላት ይሉናል። ስለዚህ አንዷ ስትቆነጠጥ ሌላዋን ያማታል፤ አንዷ ስትበላ ሌላዋ ትጠግባለች። ይህን እኛ አልፈጠርነውም። ተወልደን ብንመጣ ተወርቶ ጠበቀን። እኛ ያደረግነው ነገር ቢኖር ሲሉን ዝም ማለት ነው።

ዝም ማለቱ ይጠቅም ነበር። እናታችን ስትቆጣ የምትገርፈው አንዳችንን ብቻ ነው፤ «ለሁለታችሁም ይበቃል» ትልና ልምጩን ትጥለዋለች። እኛም ተራ ገባን፤ ዛሬ የእኔ ከሆነ ነገ የእሷ። ያልተገረፈችው ከጓሮ ሆና አብራ ትጮኻለች፤ ጩኸቱ ከፍ ካለ ልምጩ ቶሎ ይወድቃል። በዚህ በዚህ እህቴን የሚያህላት አልነበረም። ልምጩ እኔ ጀርባ ላይ እያረፈ፣ የእሷን ጩኸት ስሰማ ለእሷ አዝንላት ነበር።

አንድ ቀን ብቻችንን ስንሆን፣ ነገሩ እውነት ይሆን እንዴ ብለን ሞከርነው። ከጓሮ አንድ ቃሪያ ቀጥፈን ለሁለት ከፈልንና እኩል አኘክን።

«የት አቃጠለሽ?» አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ።

«ምላሴን።»

«እኔን ጆሮዬን ነው።»

«ቃሪያ ጆሮ አያቃጥልም።»

«የእኔን ያቃጥላል። አንቺ ጆሮዬ ውስጥ ገብተሽ አይተሻል?»

ገብቼ አላየሁም። ተጣላን፣ ታረቅን፤ ስንታረቅ ግን አንድ ነገር አስጠነቀቀችኝ። «ለማንም እንዳትናገሪ። ሁለት መሆናችንን ካወቁ ለየብቻ ነው የሚገርፉን።»

ነገሩን ጠርጥረው የነበሩት የነፍስ አባታችን ብቻ ናቸው። አንድ ረቡዕ እህቴ ጾሙን ረስታ፣ ረስታ ልበል እንጂ፣ ከቅሉ ወተት ስትጠጣ ተያዘች። እናቴ እሷን ትታ እኔን እየጎተተች አባ ዘንድ ወሰደችኝ።

«አባ፣ ያቺኛዋ በጾም ወተት ጠጣች። የዚችስ ጾም ፈረሰ ወይስ አልፈረሰም?»

አባ ጭራቸውን እያወዛወዙ ብዙ አሰቡ። «ነፍስ ለየራሷ ናት» አሉ በመጨረሻ። «በፍርድ ቀን ማንም በእህቱ አፍ አይጠየቅም። ቢሆንም እስኪ ሁለቱንም አምጫቸውና አፋቸውን ላሽትት።»

አሸተቱን። የሁለታችንም አፍ ወተት ወተት ይል ነበር። አባ ቀና አሉና፣ «እንግዲህ መጽሐፉ ሌላ ይላል፣ የእነዚህ አፍ ሌላ» ብለው የቅጣቱን ስግደት ልክ እንደ ነፍሳችን ለሁለት አካፈሉልን።

ከዚያ ጣሊያን መጣ። ማርቆስ ገብቶ ምሽግ ሲሠራ አባታችን ጠመንጃውን ይዞ ጫካ ገባ፤ እኛ ከእናታችን ጋር ቀረን። የአባታችን ታላቅ እህት ማርቆስ ከተማ ጠላ ትሸጥ ነበር፤ ልጅ አልወለደችም። ከመስቀል በኋላ መጣችና እናቴን፣ «አንዷን ስጭኝ፣ ላሳድጋት። ላንቺም አንድ አፍ ይቀልልሻል» አለቻት። ጎረቤቱ መንታ አይለያይም ቢልም እናቴ የባሏን ታላቅ እህት እምቢ የምትልበት አንደበት አልነበራትም። አክስቴ ጎን ለጎን አቁማ አየችን፣ አዟዟረችን፣ ከዚያ እህቴን መረጠች። ምኗን አይታ እንደመረጠች እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ፊታችን እንደሆነ አንድ ነበር።

እህቴ ከሄደች በኋላ የእናቴ ጭንቀት ሁሉ በእኔ ሆድ በኩል መውጣት ጀመረ። ገንፎ ስትገነፋ ቅቤውን አብዝታ ታቀርብልኝና፣ «ብዪ፤ ያቺም ትቅመስ» ትለኛለች። ጠገብኩ ስላት፣ «አንቺ ጠግበሽ ይሆናል፤ እሷስ?» ትላለች። እኔም ለእህቴ ስል እበላለሁ። ወፈርኩ። አንድ ነፍስ መሆን እንዲህ ከሆነ ምናለ ብዬ ነበር፤ ኮሶ የሚጠጣበት ቀን እስኪደርስ። «እዚያ ማን ያጠጣታል» ብላ የእህቴንም ጨምራ ዋንጫውን እስከ አፉ ሞላችልኝ። ኮሶ የቀመሰ ሰው ቀሪውን ሳልነግረው ያውቀዋል። ከዚያ ቀን ወዲህ ነፍሴ የግሌ ብትሆን ደስ ይለኝ ነበር።

ጥምቀት እንዳለፈ አንዲት ጎረቤታችን ከገበያ ወሬ ይዛ መጣች። አክስቴ የጠላ ቤቷን ዘግታ፣ በጣሊያን ካሚዮን በደጀን በኩል አዲስ አበባ ልትገባ ነው፤ ልጅቷንም ይዛት ትሄዳለች። እናቴ የምትፈትልበትን እንዝርት ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠች። በዚያ ዘመን ዓባይን የተሻገረ ልጅ ተመልሶ ይመጣል ማለት ዘበት ነው። ግን ምን ብላ ትሂድ? በአገራችን የሰጡትን ልጅ ያለ ምክንያት መልሱልኝ ማለት አሳዳጊዋን መስደብ ነው፤ አስራብሽብኝ፣ አጎሳቆልሽብኝ ማለት ነው። አባቴ ቢኖር ከእህቱ ጋር ይነጋገር ነበር። እሱ የለም። እናቴ ቀን ከሌት እየፈተለች ሰነበተች።

ጥርሴን ያመመኝ በዚያው ሰሞን ነው።

«እማ፣ ጥርሴን» አልኳት።

ወደ በሩ ብርሃን አዙራ አፌን ከፈተችው። «የቱን?»

«ይኸኛውን።»

«ይኸማ ነጭ ነው። ምንም የለበትም።» አፌን መልሳ ዘጋችው። ጥቂት አሰበችና፣ «የእሷ ነው» አለች።

«የማን?»

«የእህትሽ። ጥርሷን አሟታል።»

«እማ፣ እኔን እኮ ነው የሚያመኝ።»

«መች አያምሽም አልኩ? የሚያምሽ አንቺን ነው፤ ጥርሱ ግን የእሷ ነው።»

«በምን አወቅሽ?»

«አንቺስ የራስሽ መሆኑን በምን አወቅሽ? ጥላው እዚህ ቢወድቅ ዛፉ እዚያ ነው።»

 እውነቱን ለመናገር ይህን ጥያቄ ዛሬም አልመልሰውም። የተማሩት የልጅ ልጆቼ ሰው የሚሰማው ነገር የግሉ ነው፣ ሌላ ሰው በሩን ከፍቶ ሊገባበት አይችልም እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። እሰየው። እኔ ግን ያን ጊዜ በገዛ ሕመሜ ላይ ምስክር ሆኜ መቆም አቅቶኝ ነበር። ነጭ ሽንኩርት እንኳ አድርጊልኝ ብላት፣ «ማርቆስ ላለ ጥርስ እዚህ ሽንኩርት ማባከን ምን ይሠራል» አለችኝ። ኋላ ስቃትት አንጀቷ አልችል ብሎ ወቅጣ አደረገችልኝ፤ እያደረገችልኝም፣ «ለእሷ ነው» አለች።

ሲብስብኝ ወደ አባ ሮጥኩ። የያዝነውን ሚስጥር የማወጣበት ቀን ደርሷል አልኩ።

«አባ፣ እኔና እህቴ አንድ ነፍስ አይደለንም። እሷ ሲያማት እኔን አሞኝ አያውቅም። የእኔ የእኔ ነው።»

«እንዲህ ነው?» አሉ አባ። «እንግዲያ ያን ረቡዕ ወተቱን የጠጣችው ማን ናት?»

በልቤ አሰላሁት። አንድ ነፍስ ከሆንን የጠጣችው አንዲት ነፍስ ናት፣ ስግደቱም ተሰግዶ አልቋል። ሁለት ከሆንን ግን ሁለት ጾም ፈርሷል፣ ግማሽ ግማሽ ስግደት ደግሞ ለማናችንም አይበቃም። አባ ይህን ቀድመውኝ አስበውት ኖሯል። መስቀላቸውን ጉንጬ ላይ አሳረፉና፣ «እህትሽን ይማርልሽ» ብለው ሰደዱኝ።

በማግስቱ እናቴ ጎረቤት እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «የልጄን ጥርስ ላስነቅል ማርቆስ ወርጃለሁ፤ ከብቶቹን እያችሁልኝ» አለች። ለአክስቴ አንዲት ዶሮ በብብቷ ይዛ፣ እኔን ከፊት አስቀድማ ተነሳን። መንገዱ ያስፈራ ነበር፤ አንዱን ዳገት አርበኛ፣ አንዱን ባንዳ ይጠብቀዋል። ጨሞጋን ስንሻገር እግሬ ድንጋይ መታና የጥርሴ ሕመም እስከ አናቴ ነዘረኝ፤ ዶሮዋ እስክትደነግጥ ጮህኩ። ጉንጬም እንደ ዳቦ ተነፍቶ ነበር። እናቴ በነጠላዬ ጠመጠመችልኝና ቀጠልን።

ከተማው መግቢያ ላይ ኬላ አለ። አንድ ባንዳ አስቆመን።

«ወዴት ነው?»

«ማርቆስ። የልጄን ጥርስ ላስነቅል» አለች እናቴ።

ባንዳው ጉንጬን አየና ነገሩ ገባው። እለፉ ሊለን እጁን አንስቶ ነበር። እናቴ ግን ለእውነት ታማኝ መሆን አማራት፤ «የዚችን አይደለም፤ የእህቷን ነው። ከተማ ናት» አለች።

«ታዲያ የዚች ጉንጭ ለምን አበጠ?»

«የእህቷ ጥርስ ነዋ ያሳበጠው።»

እጁን መለሰው። በዚያ ዘመን ያልገባቸው ነገር ሁሉ ከጫካ የተላከ መልእክት ይመስላቸው ነበር፤ ስንቱ በተረት ታስሯል። አስተርጓሚውን ጠራ፣ አስተርጓሚውም የኬላውን አለቃ፣ ፈረንጁን። አስተርጓሚው ረጅም አድርጎ አስረዳ፤ ፈረንጁ አገጬን ቀና አድርጎ አየኝና አንድ ነገር ጠየቀ።

«ይቺን ብቆነጥጣት ከተማ ያለችው ትጮኻለች ወይ፣ ይላል» አለ አስተርጓሚው።

«ይሞክሩት» አለች እናቴ። «ብቻ ከተማ ያሉት ወታደሮች እንዳይደነግጡ ቀደም ብለው ሰው ይላኩባቸው።»

ይህ ሲነገረው ፈረንጁ ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ በእጁ እለፉ አለን። አስተርጓሚው አልሳቀም። ጥቂት ሸኘንና ለእናቴ ቀስ ብሎ፣ «እኔም መንታ ነኝ። ይህን ሰሞን ብበላ ብበላ አልጠግብም» አላት።

«ወንድምህ ወዴት ነው?»

ወደ ጫካው በኩል አንድ ጊዜ አየና፣ «ሂዱ በሉ» አለን።

አክስቴ ቤት ስንደርስ ደጃፉ ላይ ማድጋ የምታጥብ ልጅ አየሁ። ከስታለች። የእኔን ገንፎ አንድም ማንኪያ አልቀመሰችም ማለት ነው። እሷም እኔን አይታ አፏን ከፈተች፤ ጉንጬን አየች፣ ሆዴንም አየች። እናቴ ሳትስማት፣ «ልጄን፣ ጥርስሽን እንዴት አደረገሽ?» አለቻት።

እህቴ ወደ እኔ ተመለከተች። እኔ ዓይኔን ጨፈን ገለጥ አደረግሁ። ለእኛ ይህ ይበቃ ነበር።

«ገደለኝ» አለች፣ እጇንም ጉንጯ ላይ አደረገች። ግን በቀኝ በኩል ነው ያደረገችው።

አክስቴ ከጓዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። «የዚች ግራ ያበጠ፣ ያንቺ በቀኝ?» አለች።

«ፊት ለፊት ቆመን ነዋ» አለች እህቴ።

አክስቴ ቀልደኛ ሴት አልነበረችም። እናቴን አስገባች፣ ዶሮዋን ተቀበለች፣ ጠላ ቀዳች፤ ከዚያ ተቀመጠችና፣ «ይቺ ልጅ ዛሬ ጠዋት የገብስ ቆሎ ስትቆረጥም ነበር» አለች።

«አይ እትዬ» አለች እናቴ። «ታዲያ የእኔዋ ጨሞጋ ላይ ለምን እንደጮኸች አሁን ገባኝ።»

ሁለቱ ተያዩ። የመጣንበትን ነገር አክስቴ በዚያ ሰዓት ያወቀችው ይመስለኛል። አወቀችና እናቴን በራሷ ገመድ ልታስራት ተነሳች። «እንግዲያ ይነቀልላት» አለች። «ይነቀልላትና በሰላም መንገዷን ትሂድ። ካሚዮኑ ሰሞኑን ይነሳል።»

ገበያው ዳር ማጭድ የሚሠራ ቀጥቃጭ ነበር፤ ጥርስም ይነቅላል። ተጠርቶ ጉጠቱን ይዞ መጣ።

«በሽተኛዋ ማናት?»

«ይቺ ናት» አለች አክስቴ፣ እህቴን ወደፊት ገፋ አድርጋ። «እናቷ ጠይቃ ነው።»

እህቴ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። አሁን መውጫ የሌለው ነገር ውስጥ ገባን። አላመመኝም ካለች እናቴ የመጣችበት ምክንያት ያልቃል፤ እሷም በካሚዮን ዓባይን ትሻገራለች። ዝም ካለች ድንጋይ የሚሰብር ደህና ጥርሷ ይሄዳል። እናቴ ልትናገር አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋች። የጨበጠችው የነጠላዬ ጫፍ እጇ ውስጥ ሲጨማደድ ይታየኛል። እህቴ እኔን አየችኝና አፏን ከፈተች።

ሰውየው ጎንበስ ብሎ ፈለገ። «የታመመ አላይም» አለ። ጉጠቱን አንዱ ጥርሷ ላይ አደረገ።

እኔ ጮህኩ።

ዞሮ አየኝ። ቀጥሎ ያለው ላይ አደረገ፤ አሁንም ጮህኩ። ሌላኛው ላይ ሲያደርግ ጠላ ጠጪዎቹ ዋንጫቸውን ይዘው በሩ ላይ ተሰብስበዋል።

«ብረቴ እዚህ፣ ጩኸቱ እዚያ» አለ ሰውየው ላቡን እየጠረገ። «እኔ የምነቅለው የሚጮኸውን ነው።» ወደ እኔ መጣ።

«ነፍሳቸው አንድ ነው ጌታው፤ ከየትኛዋም ቢነቅሉ ያው ነው» አለች እናቴ፣ ትንፋሿ መለስ ብሎ።

አስቀመጠኝ፤ ያ ሁሉ ጣት፣ ያ ሁሉ ብረት አፌ ውስጥ ገባ። ያን ሕመም ልነግራችሁ ብሞክር እንደ ቃሪያው ነው፤ ያንዱ ምላስ ላይ ይሆናል፣ ያንዱ ጆሮው ላይ። ልጮህ ፈለግሁ። አፌ በሰውየው እጅ ተሞልቷልና ድምፅ የሚወጣበት ቀዳዳ አልነበረም። ጥርሱ ከሥሩ ሲላቀቅ ግን ጩኸቱ መጣ። ከበሩ በኩል፣ ከእህቴ አፍ መጣ። መቼ ልጩህ ብላ አልጠበቀችም፣ የማንንም ዓይን አላየችም። ከጓሮ ሆና ስትጮህልኝ ያደግሁ ሰው ነኝ፣ የጩኸቷን ዓይነት ሁሉ አውቃለሁ። ይህን አላውቀውም ነበር።

አንዱ ጠጪ አማተበ። «መንታን የሚለይ ኃጢአቱ የራሱ ነው» አለ ሌላው ወደ ዋንጫው እያየ፤ አክስቴ ግን ሰማችው።

«እትዬ» አለች እናቴ፣ ራሷን ዝቅ አድርጋ፤ «ልጅቷ የእርስዎ ናት። ይውሰዷት። ብቻ ይቺኛዋ እዚህ ስትታመም ያቺ ካሚዮን ላይ እንዲህ ብትጮህ፣ ፈረንጆቹ ምን ይሉ ይሆን እያልኩ ነው።»

አክስቴ ጠጪዎቹን አየች፣ ቀጥቃጩን አየች፣ ሁለታችንን አየችን። ካመነች አላውቅም። «ልጅ ወሰዱባት የሚል ወሬ እንዳልሰማ» አለች በመጨረሻ። «ጥርስ ነው የወሰዳት። ሰው አይደለም።»

«ጥርስ ነው» አለች እናቴ።

ሦስታችን ወጥተን ስንሄድ ኬላው ላይ ሌላ ባንዳ ነበር፤ ነገር ሳይጠይቀን አሳለፈን። ጨሞጋ ዳር ስንደርስ ውኃ ተጉመጥምጬ ደሜን ተፋሁ። እናቴ ድንገት ቆመችና ለእህቴ፣ «አንቺ ደፋር፣ ደህና ጥርስሽን ይዘሽ አፍሽን ስትከፍቺ፣ ቢነቅልልሽስ ኖሮ?» አለቻት።

እናቴን ቀና ብዬ አየኋት። እሷ ደግሞ ወንዙን ታያለች።

«ይቺ ትጮህልኝ ነበራ» አለች እህቴ።

እናቴ ቀሚሷን ሰብስባ ቀድማ ተሻገረች። እኛ ኋላ ቀርተን ነበርና የጨነቀኝን ጠየቅኋት። «ኋላ ላይ የጮኽሽው፣ የምርሽን አሞሽ ነው?»

እህቴ ውኃው ውስጥ ቆማ አሰበች። «አንቺ መጮህ አቃተሽ» አለችኝ። «የቀረሽን እኔ ጨረስኩልሽ።»